የኔታ በቀለበቱ መንገድ ላይ

የኔታ ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ከጎንደር ወደ እንግሊዝ አገር በመጡበት ቀን በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው ያን ጊዜ በልጅነቱ ጾመ ድጓ ያስተማሩት፣ አሁን ግን ጠጉሩ ሸብቶ በለንደን ታክሲ የሚነዳ ተማሪያቸው ነበር። ወደ ኬንት የሚወስደው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ስለ ነበር መንገዱ ረዘመ፤ ከመኪናው ማጫወቻ የሚወጣው ሙዚቃ ግን ለየኔታ ከመንገዱም የረዘመ መሰላቸው። በመካከላቸው የሆነውን ምልልስ ተማሪው እንደ ነገረኝ ጽፌዋለሁ፤ ዓመቱን ሁሉ እርሱ በፈረንጆች ስለ ቈጠረ እኔም አልለወጥሁትም።

የኔታ፦ ልጄ፣ ይህ የምትሰማው ነገር ከተነሣን ጀምሮ ያንኑ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል። በንጉሡ ጊዜ በጎረቤታችን የነበረው ግራሞፎን ሸክላው ሲሰነጠቅ መርፌው አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ እንዲህ ያደርገው ነበር። ማጫወቻህ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ለባለሙያ ብታሳየው አይሻልምን?

ተማሪው፦ አልተበላሸም፣ የኔታ። የሚገርመው ግን እርስዎ የጠረጠሩትን ብልሽት እነዚህ ሙዚቀኞች አስበውበት ሠርተውታል። የመጀመሪያው አልበማቸው በ1991፣ ሁለተኛው በ1993 ወጣ፤ ሁለቱም ከቡድኑ ስም በቀር ሌላ አርእስት ስለሌላቸው አድማጩ በሽፋናቸው ቀለም አረንጓዴውና ቡናማው እያለ ይለያቸዋል። ቡናማውን ገዝቶ ቤቱ ገብቶ የከፈተው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው አረንጓዴው የተከፈተበትን ያንኑ ንግግር ነው፤ ንግግሩም ከአንድ የጠፈር ልቦለድ የቴሌቪዥን ፊልም የተቆረሰ፣ ጊዜ ዞሮ ራሱን ስለሚገጥምበት አሳብ የሚናገር ነው። ገዢው «ፋብሪካው ተሳስቶ የፊተኛውን ሸክላ በዚህኛው ሽፋን ከትቶ ሸጠልኝ» ብሎ እንዲደናገር የተደረገ ቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያው ቃል በሁለት ቅጂ አብሮ ይነሣና አንደኛው ሁለተኛውን በጥቂት በጥቂቱ እየቀደመው ይሄዳል፤ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ይመስላል፣ ቀጥሎ እንደ ገደል ማሚቶ ይሆናል፣ በመጨረሻ ቃልነቱ ጠፍቶ ምት ብቻ ይቀራል።

የኔታ፦ ይህማ በእኛም ቤት የታወቀ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዳዊት ይዘው አብረው ሲደግሙ አንዱ ቸኩሎ የቀደመ እንደ ሆነ እንዲሁ ይሰማል። እኔ ቸኳዩን በአለንጋ እመልሰው ነበር።

ተማሪው፦ ስቲቭ ራይሽ የሚባል አሜሪካዊ በ1965 ይህንኑ በሁለት ቴፕ ሠርቶ ዝነኛ ሆነ እንጂ አለንጋ አልቀመሰም። እነዚህም ከርሱ ነው የተማሩት።

የኔታ፦ ስማቸው ማን ይባላል?

ተማሪው፦ ኦርቢታል ይባላሉ። ፊልና ፖል ሃርትኖል የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ፊል በ1964፣ ፖል በ1968 ተወለዱ። ስማቸውን የወሰዱት ከሌላ ከምንም ሳይሆን አሁን ከምንሄድበት ከዚህ መንገድ ነው። ይህ ኤም 25 የሚባለው፣ ለንደንን 188 ኪሎ ሜትር ሆኖ የሚዞራት ጎዳና፣ የማዕርግ ስሙ የለንደን ኦርቢታል ነው፤ እኛ ቀለበት መንገድ እንደምንለው ማለት ነው። በ1986 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር መርቀው ከፈቱት።

የኔታ፦ ሰው በጻድቅ ይሰየማል፣ በአያቱ ይሰየማል፣ ቢያጣም በተወለደበት አገር ይሰየማል። እንዲህ ያለ የቆመ መኪና ጎርፍ አይቶ «ይህ ስሜ ይሁን» የሚል ሰው ግን ከዚህ በፊት አልሰማሁም።

ተማሪው፦ ቀን ሲያዩት ነው እንዲህ የሚሆነው። በ1988ና በ1989 ግን ይህ መንገድ ቅዳሜ ሌሊት ሌላ መንገድ ነበር። የከተማው ዳንስ ቤቶች ሕጉ በወሰነው ሰዓት ይዘጋሉ፤ ከቺካጎና ከዲትሮይት የመጣው አዲስ የመኪና፣ የማሽን ማለቴ ነው፣ ሙዚቃ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ካልሄዱበት የማይገለጥ ነገር ነው። ስለዚህ አዘጋጆቹ አንድ የእርሻ መሬት ወይም ባዶ መጋዘን ይከራያሉ፣ ቦታውን ግን ለማንም አይናገሩም፤ በወረቀት የሚበተነው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ሌሊት ሲሆን ከመንገድ ዳር የሕዝብ ስልክ ይደወላል፣ የተቀዳ ድምፅ «በዚህ ቀለበት ዙሩ፣ እዚህ ማደያ ላይ ጠብቁ» ይላል፤ እንደገና ሲደወል የመጨረሻው ምልክት ይሰጣል። ፖሊስ አስቀድሞ ከደረሰ ጉዳዩ አበቃ፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ከሞላ ግን ብዙ ሺሕ ሰው መበተን ስለማይቻል እስኪነጋ ይጨፈራል። እነርሱ ሬቭ ይሉታል።

የኔታ፦ አንተስ?

ተማሪው፦ እኔ ያን ጊዜ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ነበርሁ፣ የኔታ። አንድ ሌሊት አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አሳፍረውኝ ወጣን፤ ከፊታችን ያለው መኪና ያውቃል ብለን ተከተልን፣ እርሱም ከፊቱ ያለውን ተከትሎ ኖሯል፤ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞርነው። ስንደርስ ነግቶ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ በጤዛው ሣር ላይ የጎማ ፈለግና አጥር ላይ የቀረ አንድ ሹራብ ብቻ አገኘን። ላሞቹ ተመልሰው ገብተው ይግጡ ነበር። ኦርቢታል ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መዞር።

የኔታ፦ እግዚአብሔር ጠበቀህ። እሺ፣ ወንድማማቾቹ የማን ልጆች ናቸው፣ በየት ተማሩ?

ተማሪው፦ አገራቸው ሰቨንኦክስ ነው፤ በዚሁ መንገድ ወደ ፊት በመውጫ 5 ስንደርስ አሳይዎታለሁ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ዜማ ፖል በ1989 በወላጆቹ ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ቦታ መሣሪያዎቹን ደርድሮ በአባቱ ካሴት መቅረጫ ቀዳው፤ ለቀረጻው የወጣው ገንዘብ የአንድ ባዶ ካሴት ዋጋ ያህል ነው ይባላል። ዜማው «ቻይም» ይባላል፣ የደወል ቃጭል እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ የሸክላ ማኅተም አወጣው፤ በ1990 አንድ ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ሲያትመው በአገሩ ሽያጭ ተራ 17ኛ ሆነ። በዚህም ምክንያት ያን ጊዜ እንግሊዝ ሁሉ ሐሙስ ማታ ያይ በነበረው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተጠሩ። በዚያ ዝግጅት ልማዱ ዘፋኙ የተቀዳውን ድምፅ እየሰማ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ነበር። እነርሱ ግን የሚንቀሳቀስ ከንፈር የላቸውም፤ አንድ ቁልፍ ተጫኑና ቆሙ፤ በለበሱት ካናቴራ ላይ ደግሞ የታቸር መንግሥት ያወጀውን የነፍስ ወከፍ ግብር የሚቃወም ጽሑፍ ነበረበት።

የኔታ፦ በነፍስ ወከፍ ማለት ባለጸጋውም ድኻውም እኩል የሚከፍለው?

ተማሪው፦ እኩል ማለት ይቻላል። በዚያው በ1990 ለንደን ላይ ስለዚሁ ግብር ትልቅ ሁከት ተነሥቶ ነበር፤ በዓመቱም መጨረሻ ታቸር ከሥልጣን ወረዱ።

የኔታ፦ ካናቴራውን ወደድሁት። ሙዚቃውን ግን ገና አልተቀበልሁም፤ ይህን የምልህም በዕድሜዬ ምክንያት እንዳይመስልህ። ክርክሬ ሁለት ነው። ዜማ የሚባለው ከሰው ትንፋሽ የሚወጣ ነው፤ ትንፋሽ ያልቃል፣ ስለሚያልቅም ዕረፍት አለው፣ ዕረፍቱም ራሱ ዜማ ነው። መኪና ግን አይደክመውም፤ የማይደክመው ነገር ምን ትጋት አለው ብለህ ታደንቀዋለህ? ሁለተኛው ድግምግሞሹ ነው። ድግምግሞሽን እኔ አልጠላም፤ በማኅሌት አንዱን ቃል ስንት ጊዜ እንደምንመላለስበት አንተው ታውቃለህ። እኛ ግን ስንደግም እንወጣለን፤ በቁም እንጀምራለን፣ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፣ በጽፋት ይፈጥናል። ቃሉ አንድ ነው፣ ሰውዬው ግን ከመጀመሪያው ቦታ አይገኝም።

ተማሪው፦ ስለ ሁለተኛው ክርክርዎ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ የእንግሊዝ ፓርላማም ይህንኑ ድግምግሞሽ ከሶ ነበርና። በ1992 በግንቦት ወር ካስልሞርተን በሚባል የጋራ ግጦሽ ላይ ከ20,000 የሚበልጥ ሰው ለአንድ ሳምንት ያህል ሰፈረ፤ ሌሊትና ቀን ተጨፈረ፣ የመንደሩ ሰው እንቅልፍ አጣ፣ ጋዜጣው ሁሉ ጮኸ። ከዚህ በኋላ በ1994 መጨረሻ የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ጸጥታ አዋጅ ወጣ፤ በአንቀጽ 63ም መቶ ወይም ከመቶ የሚበልጥ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ በሌሊት በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ እያሰማ ነዋሪውን በብርቱ ያስጨነቀ እንደ ሆነ ፖሊስ እንዲያስነሣው ሥልጣን ተሰጠው።

የኔታ፦ ሕጉ ያልተገባ አይመስለኝም። እንቅልፍ የነሣ ሰው ይከሰስ።

ተማሪው፦ እስከዚህ ድረስ ማንም ብዙ አይከራከርም ነበር። ግን «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል ሲፈታ፣ ተደጋጋሚ ምቶች ተከታትለው በመውጣታቸው በሙሉ ወይም በአመዛኙ የሚለዩ ድምፆችንም ይጨምራል አለ።

የኔታ፦ ቆይ፣ ቃሉን አታሩጥብኝ፤ ሕግም ቢሆን ትርጓሜ ይፈልጋል። «ይጨምራል» ካለ፣ ያለ እርሱ ቃል ሙዚቃ ውስጥ የማይገባ መስሎት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሙዚቃ መሆኑን ሲጠራጠር ኖሮ ለመቅጣት ሲል «ሙዚቃ ነህ» ብሎ መሰከረለት፤ ጠላት የሰጠው ምስክርነት ይሉሃል ይህ ነው። አንድም፣ «በአመዛኙ» ያለውን በምን ሚዛን ነው የሚመዝኑት? ሌሊት በሜዳ የቆመ ፖሊስ መዛኝ ሊሆን ነው? አንድም፣ ከመቶ የሚበልጥ ሰው፣ በሜዳ፣ በሌሊት፣ ከበሮ እየመታ፣ በድምፅ ማጉያ ... ልጄ፣ የከተራ ዕለት ካህናቱ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ሊያዙ ነው! ድምፅ ማጉያውንስ የኛ ሰዎች መቼ ይቀንሱታል?

ተማሪው፦ እንዲህ ብለው ፓርላማው ፊት ቢተረጉሙላቸው ኖሮ!

የኔታ፦ አትሣቅ፤ ቅዳሴን ከጭፈራ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀመጥሁም። ቃሉ ሰፊ ወጥመድ ነው ማለቴ ነው። ወንድማማቾቹስ ምን አሉ?

ተማሪው፦ አዋጁ ገና ረቂቅ ሳለ አንዱን ዜማቸውን በልዩ ልዩ መልክ ሲያወጡ አንደኛውን መልክ በረቂቁ ስም ሰየሙት። ሲከፍቱት ምንም የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ሙሉ ዝምታ ነው።

የኔታ፦ ዝምታ ሸጡ?

ተማሪው፦ ሸጡ፣ ሰውም ገዛ። ዝምታን አንቀጹ አይዘውምና።

የኔታ፦ እነዚህ ልጆች ቅኔ ያውቃሉ፤ ይህ ሰምና ወርቅ ነው። እንግዲህ ወደ ፊተኛው ክርክሬ መልሰኝ፤ ስለማይደክመው መኪና።

ተማሪው፦ ለዚህ መልሱ አንድ ሌሊት ነው። በ1994 በሰኔ ወር ግላስተንበሪ በሚባለው በእርሻ መሬት ላይ በሚደረገው ትልቅ የሙዚቃ በዓል ተጫወቱ። ያ በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የተላለፈው በዚያ ዓመት ስለ ነበር እኔም በምግብ ቤቱ ጓዳ፣ ድስት እያደረቅሁ፣ በአሮጌ ቴሌቪዥን አየሁት። መድረኩ ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ አራት ትናንሽ መብራቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፤ ወንድማማቾቹ በመነጽራቸው ግራና ቀኝ ላይ የባትሪ መብራት አስረው ኖሯል። ለጌጥ አልነበረም፤ በጨለማ የመሣሪያውን ቁልፍ ለማየት ነው፤ በኋላ ግን ምልክታቸው ሆነ። ራሳቸውን ሲያዘነብሉ ብርሃኑ በእጃቸው ላይ ይወርዳል።

የኔታ፦ እጃቸው ምን ይሠራል? ቁልፍ ተጭነው ቆሙ አላልከኝም?

ተማሪው፦ ያ በቴሌቪዥኑ ዝግጅት ነው፣ ያላገጡበት። እዚህ ግን እጃቸው አያርፍም። ከፊታቸው ሲኩዌንሰር የሚባሉ፣ ዜማን በቁጥር መልክ የሚይዙ ትናንሽ ሣጥኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስምንት የድምፅ ቁልፍ አለ። አንዱ ቁልፍ ከበሮውን ይከፍታል ይዘጋል፣ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ፣ አንዱ ደወሉን። ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች ቤታቸው የጨረሱትን ቴፕ መድረክ ላይ ከፍተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሡ ነበር። እነዚህ ግን ዜማው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሄድ አስቀድመው አልወሰኑም፤ ሕዝቡን እያዩ፣ ከበሮው መቼ እንደሚገባ፣ ደወሉ ለብቻው ስንት ዙር እንደሚቆይ እዚያው ይወስናሉ። ከበሮው የወጣ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ከፈቀዱም ያስጠብቁታል።

የኔታ፦ መሪው እኮ ነው! መሪው መቼ ወደ ጽፋት እንደሚያሻግር በመጽሐፍ አልተጻፈለትም፤ የሊቃውንቱን ፊት አይቶ፣ የምእመናኑን ድካም አይቶ ነው። ጀማሪ መሪ ቸኩሎ ያሻግርና ማኅሌቱ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ እጅ አለበት ካልህ ክርክሬን ግማሹን ተውሁልህ። ... ይህ አሁን የጀመረው ደግሞ የሴት ድምፅ አለበት፤ ምን ቋንቋ ነው? እንግሊዝኛ አይመስለኝም።

ተማሪው፦ እንግሊዝኛ ነው፣ የኔታ፤ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ነው። ከርስቲ ሆክሾ የምትባል ዘማሪ በሌላ ሸክላ ላይ ያዜመችውን ወስደው ገለበጡት። ዜማው በ1992 የወጣው «ሃልሲየን» የሚባለው ነው፤ ይህ የምንሰማው በቡናማው አልበም ላይ በሌላ መልክ የተሠራው ነው። በመድረክ ሲጫወቱት የሰው ሁሉ መሣቂያ የሆኑትን የሮክ ዘፈኖች ይቀላቅሉበታል፤ ሰውም ይሥቃል፣ እየሣቀም ያለቅሳል።

የኔታ፦ ስለ ምን ያለቅሳል?

ተማሪው፦ ስሙ የመድኃኒት ስም ነው። እናታቸው ለዓመታት በሐኪም ትእዛዝ ይወስዱት የነበረ የእንቅልፍ ክኒን ነው፤ ሱስ ሆነባቸው። መድኃኒቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ከገበያ ተከለከለ። ልጆቹ ይህን ዜማ ለእርሳቸው ሠሩት። ሲሰሙት ቃሉ አይያዝም፣ ሴትዮዋ ትናገራለች እንጂ ምን እንዳለች አይታወቅም፤ ከበሮው ደግሞ ሳይቸኩል ከሥሯ ይሄዳል።

(የኔታ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። መኪናው ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።)

የኔታ፦ ድምፁን ጨምርበት።

ተማሪው፦ እሺ።

የኔታ፦ ... ከዚህ በኋላስ ምን ሠሩ?

ተማሪው፦ እኔን ከጠየቁኝ ቁንጮው በ1996 የወጣው «ኢን ሳይድስ» ነው። በዚያ አልበም ላይ ካሉት አንዱን ዜማ የቀዱት የተፈጥሮ ተቈርቋሪው ማኅበር ግሪንፒስ ባመጣው ተንቀሳቃሽ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሌላው የዌልስ ቋንቋ ስም አለው፣ ትርጓሜውም ቆሻሻ ውኃ ማለት ነው። በዚያው ዓመት «ዘ ቦክስ» የሚባለውን ወደ 28 ደቂቃ የሚጠጋ ዜማ እንደ አንድ ነጠላ ሸክላ አወጡ፤ ሬዲዮው እንዴት ያጫውተው? በ1997 ደግሞ ለአንድ ፊልም የሠሩት የአሮጌ ቴሌቪዥን ዜማ በሽያጭ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2004 ያሉት ሦስት አልበሞች የየራሳቸው ውበት ቢኖራቸውም እኔ ቶሎ አልፋቸዋለሁ፤ መሣሪያው በዝቶ አሳቡ የሳሳባቸው ይመስለኛል። ይህን ስል የሚቈጡኝ ጓደኞች አሉኝ።

የኔታ፦ 2004 ላይ ለምን አቆምህ?

ተማሪው፦ በዚያ ዓመት ተለያዩ። በ2009 እንደገና ተገናኙ። በ2012 በለንደን የፓራሊምፒክ መክፈቻ ሌሊት በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ስቲቨን ሆኪንግ አብሯቸው ነበር፤ ያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በመኪና ድምፅ ይናገር የነበረው የፊዚክስ ሊቅ።

የኔታ፦ ትንፋሹ በመኪና በኩል የሚወጣ ሰው ማለት ነው?

ተማሪው፦ አዎን።

የኔታ፦ የቀረውን ግማሽ ክርክሬንም ውሰደው እንግዲህ። ቀጥል።

ተማሪው፦ ከዚያ በ2014 ሁለተኛ ተለያዩ። የፊተኛው መለያየት የሥራ ድካም ነበረበት ይባላል፤ ይህኛው ግን የወንድማማች ጠብ ሆነ፣ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ... የኔታ፣ በግራ በኩል ያለውን ሰሌዳ ይመልከቱ፤ መውጫ 5፣ ሰቨንኦክስ።

የኔታ፦ አየሁት። ከዛፎች በቀር ምንም የለበትም። ልጄ፣ አልበሙ ይቆየኝና አንድ ነገር ንገረኝ፤ ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ በአንድ ደረጃ ሥር ተጣብበው ጀምረው፣ ለእናታቸው ያን ያህል ሠርተው፣ እንደ ተኳረፉ ቀሩ?

ተማሪው፦ አልቀሩም። በ2017 ታረቁ፤ በ2023 አሥረኛውን አልበም አብረው አወጡ።